ጊዱል የሚሉት ነገር

ባለፈው ሳምንት እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር ከሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ፣ አዲስ ሕንጻ ሊያቆሙ አሸዋውን በሚዝቁበት በኩል ሳልፍ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ትራክተሩ ቁጥቋጦውን ከነሥሩ እየገለበጠ ይከምረዋል። የጨውና የአቧራ ሽታ ነው፤ ቆየት ያለ የዓሣ ሽታም አለበት። ሌላው ሰው ፊቱን አዙሮ ያልፋል፣ እኔ ግን እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ቆሜም ተናደድኩ። ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ያ ሽታ ሲነካኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው፤ ልቅሶው ከኋላ ነው የሚደርሰው።

ቁጥቋጦው ማሉዋህ ይባላል። በዕብራይስጥ ጨዋማ ማለት ነው። ቅጠሉ ዐመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ቢልሱትም እውነትም ጨው ጨው ይላል። የበረሃ ተክል ነው፤ ነገር ግን ጨው ስለማይፈራ እዚህ ባሕሩ ዳርም እንደ ልቡ ይበቅላል። እኔ ያወቅሁት አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፣ በአንድ ክረምት። የዚህ አገር ክረምት የሚገባው የኛ ሰዎች አዝመራ ይሰበሰብበት ነበር በሚሉት ወራት ነው፤ እቴቴ ባንቹ በዚህ ጉዳይ እስክትሞት ድረስ ተገርማ አልጨረሰችም። «ይኼ አገር ሁሉ ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ነው» ትል ነበር።

እቴቴ ባንቹ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሙሉ ስሟ ባንቺአየሁ ነው። መታወቂያዋ ላይ አንድ የማታውቀው ጸሐፊ የሰጣት የዕብራይስጥ ስም ነበራት፤ በዚያ ስም ሲጠሯት ዞር ብላም አታይ። ከአባና ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣች ጀምሮ አብራን ትኖራለች። ባሏ ልጅ አልወለድሽም ብሎ የሸኛት ገና አገር ቤት ሳለች ነው። እዚህ ራማት ፖሌግ ሰፈር ውስጥ የሕንጻ ደረጃ ታጸዳለች፤ ዕብራይስጧም የመጥረጊያና የባልዲ ዕብራይስጥ ነበር፣ ከዚያ አያልፍም።

አባ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ የፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠራል፣ በፈረቃ። እናቴ፣ በዕብራይስጥ ኢማ የምላት፣ አረጋውያን ትንከባከባለች፣ እሷም በፈረቃ። ስለዚህ እኔን ያሳደገችኝ እቴቴ ናት፤ ታናሽ ወንድሜንም ጡት ከጣለ ጀምሮ የያዘችው እሷ ናት። «እናታችሁ ትወልዳለች፣ እኔ አሳድጋለሁ» ብላ ስትቀልድ እናቴ ትስቃለች። እቴቴም ትስቃለች። የሷ ሳቅ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር።

በዚያ ዓመት የመስከረም በዓላት እንዳለፉ እቴቴ አልጋዋን ወደ ሚርፔሴቱ አወጣች፣ በመስታወት ወደ ተዘጋችው በረንዳችን ማለቴ ነው። የራሷን ሳህን፣ የራሷን ኩባያ፣ የራሷን ማንኪያ ለየች። ይኼ አዲስ ነገር አልነበረም። በየወሩ ደሟ ሲመጣ እንዲያ ታደርጋለች። አገር ቤት የኛ የቤተ እስራኤል ሴት በመርገም ላይ ስትሆን ከመንደሩ ራቅ ወዳለች ጎጆ ትሄድ ነበር፤ ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሯል፣ ምግቡን ከድንጋዩ ወዲህ አስቀምጠውላት ይመለሳሉ፣ ማንም አይነካትም። ስትወልድ ደግሞ የአራስ ጎጆ አለ፣ እሱም ለብቻ። ናታንያ ላይ ጎጆ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የኛዋ ጎጆ በረንዳችን ናት።

ሌላ ጊዜ በሳምንቱ ታጥባ፣ ልብሷን ለውጣ ወደ ውስጥ ትገባና ጉንጬን እያገላበጠች ትስመኛለች። ያን ጊዜ ግን ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩም አለፈ፣ እቴቴ አልገባችም። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ እሷ ከወዲያ ስፌቷን ትሰፋለች። ልነካት እጄን ስሰድ «ተይ! አትንኪኝ፣ አልነጻሁም» ትለኛለች። ያስከፋኝ ነበር። የጠላችኝ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በመጨረሻ አፍ አውጥታ ተናገረች። «እትዬ፣ ይኼ ነገር አልበዛብዎም? ኩፓ እንሂድ፣ ሐኪም ይይዎት» አለቻት። ኩፓ የምንለው የሰፈራችንን ክሊኒክ ነው።

«ስለ ደም ለወንድ ሐኪም ላወራ? አፈር ልብላ! ይቆማል፣ ይቆማል።»

አልቆመም። እሷ ንጹሕ ልሁን፣ ሰው አላርክስ ብላ ራሷን ደበቀች፤ በሽታውም አብሯት ተደበቀ። ይኼን የማስበው ዛሬ ነው። ያኔ የማስበው የማሉዋህ ነገር ብቻ ነበር።

የተፈጥሮ ትምህርት ሞራችን (አስተማሪያችን ማለት ነው) ቀጭን ሴት ነበረች፤ ዝናብ ሲጥል የምትደሰት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ አሸዋ የሞላው። አንድ ቀን ከመጨረሻዎቹ ሕንጻዎች ወዲያ ወዳለው የአሸዋ ኮረብታ ወሰደችንና ለያንዳንዳችን አንዳንድ ቁጥቋጦ ሰጠችን። «ክረምቱን ሙሉ የምትጠብቁት ነው» አለች። የኔ ማሉዋህ ጎንበስ ያለ፣ የነፋስ መጫወቻ የሆነ ነበር። ልጆቹ «የማዛል አሮጊት» አሉት። ስሜ ማዛል ነው፣ ቤት ውስጥ ማዜ።

ቅርንጫፉ ላይ ክብ ክብ ያበጠ ነገር ነበረበት፣ ሽምብራ የሚያህል። ፍሬ መስሎኝ ልቀጥፍ ስል ሞራ እጄን ያዘችኝ። አንዱን በምላጭ ሰንጥቃ አሳየችን። ውስጡ ትንሽ ባዶ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ ብርቱካናማ ትል ተጋድማለች። ትንኝ መጥታ እንቁላሏን ቡቃያው ውስጥ ትጥላለች፣ ተክሉ በትሏ ዙሪያ ያብጥላታል፣ ቤት ይሠራላታል፣ እዚያው እየበላች ታድጋለች አለችን። ቅጠሉ ላይ ያለውን ብጉር ብጉር ነገር ደግሞ ዓይን የማያየው ቅንቅን ነው የሚሠራው። «ዜህ ጊዱል» አለች ሞራ። ጊዱል ነው ማለቷ ነው።

እኔ ቃሉን ሰምቼው አላውቅም፤ ነገር ግን «ለጋዴል» ማለት ማሳደግ እንደሆነ አውቃለሁ። እቴቴ እኛን ታሳድጋለች፣ ያ ለጋዴል ነው። ስለዚህ ጊዱል ማለት ልጅ የሚያድግበት ቤት መሆን አለበት ብዬ በራሴ ወሰንኩ። በጣም ደስ አለኝ። ሞራም ስትጠይቀኝ እንደዚያው ብዬ መለስኩላት፣ ሳቀችና «ቆንጆ ነው» አለችኝ። ያ ቃል ሌላ ትርጉም እንዳለው፣ ሰው ሆድ ውስጥ የሚበቅለውን ክፉ ዕጢም ጊዱል እንደሚሉት የነገረኝ የለም። ለአራተኛ ክፍል ልጅ ማን ይነግራል?

ያበጠውን ቅርንጫፍ ቆርጠን በጠርሙስ ወደ ቤት እንድንወስድ አዘዘችን፣ ምን እንደሚወጣ እንድናይ። እናቴ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር የነበረበት ጠርሙስ ሰጠችኝ፣ አፉን በተቀደደ የናይሎን ካልሲ አሰርኩት። «ትል ቤቴ አይገባም!» ስላለች ጠርሙሱ ሚርፔሴት ላይ፣ እቴቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ።

እቴቴ ጎንበስ ብላ አየችው። «ውይ ጉዴ፣ ቁጥቋጦው ቡግንጅ አወጣ እኮ!»

«ቡግንጅ አይደለም እቴቴ፣ ቤት ነው። ውስጡ ልጅ አለ።»

«የማን ልጅ?»

«የትንኝ።»

«የትንኝን ልጅ ቁጥቋጦው ምን አድርጋለት ነው የሚያሳድግላት?» ብላ ሳቀች። ጠርሙሱን ጸሐይ እንዳያገኘው ወደ ጥላው ገፋ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመጣ መጀመሪያ የምትለኝ «ገና አልወጡም» ነበር።

የሐኑካ በዓል አልፎ ብርዱ ሲበረታ እቴቴ ከምታጸዳው ደረጃ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። አባ ከፋብሪካ ተጠርቶ ሄደ፣ ከኩፓ ወደ ሆስፒታል ይዟት ሄደ፣ ሲያስተረጉምላትም ዋለ። ሐኪሙ በዕብራይስጥ የተናገረውን አባ በአማርኛ አልደገመውም። ለእቴቴ የነገራት «መጥፎ ደም ተቋጥሯል፣ ትንሽ ነገር ነው፣ በኒቱዋህ ያወጡታል» ብሎ ነው። ኒቱዋህ ቀዶ ሕክምና ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። የኛ ሰው በሽታን ለበሽተኛው አይነግርም። ቅስሙ ይሰበራል፣ ወሬው ከበሽታው ቀድሞ ይገድለዋል ይላል። አባ ይኼን ከልቡ ያምናል። እህቱን ይወዳታል፣ ሊያድናት ነው የዋሸው። ነገር ግን ትንሽ ነገር ነው ስላላት፣ እቴቴ ደግሞ መልሷ ዝግጁ ነበር።

«ትንሽ ነገር ከሆነ ለምን ማህፀኔን ያወጡታል?»

«አብሮ ነው የሚወጣው። እንዲያ ነው ሐኪሙ ያለው።»

«ለተቋጠረ ደም ብዬ ማህፀኔን? አይደረግም!»

«እትዬ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን!»

«አንተ አትሙትብኝ። ሣራ በስንት ዓመቷ ነው የወለደችው? ኦሪት ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? እኔ ገና ሃምሳም አልሞላኝ። እግዜር ቢያስበኝስ? ባዶ ቤት ሆኜ ልጠብቀው?»

አባ በየቀኑ ይለምናታል፣ በየቀኑ እምቢ ትላለች። እናቴ ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ ትጮህበት ነበር፤ ይኼን ኋላ ራሷ ነግራኛለች። «ንገራት! ካልነገርካት አታስወጣውም፣ ካላስወጣችው ትሞታለች!» ትለዋለች። አባም «ብነግራት አሁኑኑ ትሞትብኛለች» ይላታል። ቀኑ እንዲያ እየሄደ፣ ያ ነገር ሆዷ ውስጥ ይሰፋ ነበር።

እኔ የማየው ሌላ ነው። እናቴ ባልዲ ከእቴቴ እጅ ትነጥቃለች፣ «ከባድ አያንሱ» ትላለች። ጎረቤት ሴቶች ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፣ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ፣ «ብይ፣ ለሰውነትሽ» ይሏታል። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ሆዷ ደግሞ እውነትም ነፋ ብሏል፣ ፊቷ ግን ከስቷል። ወንድሜ ሊወለድ ሲል እናቴ ላይ ያየሁት ይኼንኑ ነበር፤ ያኔም እንዲሁ ይንሾካሾኩ ነበር፣ ዓይን እንዳይበላት ብለው። ታዲያ እኔ ምን ላስብ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባ ለማታ ፈረቃ ሊወጣ ሲዘጋጅ ለእናቴ ሲናገር ሰማሁት። «ማህፀኗ ውስጥ ያለው ጊዱል አድጓል አሉኝ። ቶሎ ካላወጡት... እሷ ግን እንዳትሰማ። ልጆቹም እንዳይሰሙ።»

ጊዱል! ልቤ ዘለለች። እቴቴ ሆድ ውስጥ ልጅ የሚያድግበት ቤት አለ። እነሱ ደግሞ ሊያወጡት ነው፣ እሷ ሳታውቅ! እናትና አባቴን እንዲህ ጨካኝ ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አባ ጫማውን አድርጎ እስኪወጣ፣ እናቴ ወንድሜን ልታመጣ እስክትወርድ ጠበቅሁና ወደ ሚርፔሴት ሮጥኩ።

እቴቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስፌት ትሰፋ ነበር።

«እቴቴ፣ ኒቱዋህ እሺ እንዳትዪ! ልጁን ሊያወጡብሽ ነው!»

«የምን ልጅ ነው የምትዪ?»

«ሆድሽ ውስጥ ያለው። አባ ለኢማ ሲነግራት ሰምቻለሁ። ጊዱል አለ፣ አድጓል፣ እሷ እንዳትሰማ ብሏል።»

ወስፌዋ ቆመ። «ምን አለ ነው ያልሽ? ቃሉን ድገሚልኝ።»

«ጊዱል።»

እቴቴ ያን ቃል ታውቀው ኖሯል። ራማት ፖሌግ ከምታጸዳው ሕንጻ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሁልጊዜ ሰላም የሚሏት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት በራቸው ላይ ሰው ለልቅሶ ተሰብስቦ ስታይ ልጃቸውን «ምን ሆኑ?» ብላ ጠየቀች፣ ልጅቷም ሆዷን በእጇ እየነካች «ጊዱል፣ ጊዱል» አለቻት። እቴቴ በዚያን ዕለት ለእናቴ ስትነግራት እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ያኔ ጆሮዬ አልያዘውም። መጥረጊያና ባልዲ ከሚሉት ቃላት ውጪ ካወቀቻቸው ጥቂት የዕብራይስጥ ቃላት አንዱ ይኼ ሆነ።

ስፌቱን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ተናድዳ የምትቆጣኝ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ያዘችኝ፣ ስባ አስጠጋችኝ፣ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አድርጋ አቀፈችኝ። ከበዓላቱ ወዲህ ነክታኝ አታውቅም። «እቴቴ፣ አልነጻሁም ብለሽ የለም?» አልኳት። «ተዪው» አለችኝ፣ «አሁን ተዪው።» ደረቷ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። እኔ በደስታ የምታለቅስ መስሎኛል።

«ልጅ ነው አይደል?» አልኳት።

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። እነዚያን ዓይኖች እስካሁን አልረሳሁም።

«አዎ» አለች። «ልጅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሊያወጡት ነው?»

«ልጅ ሆድ ውስጥ ይቀራል እንዴ? ወንድምሽንስ ከእናትሽ ሆድ በኒቱዋህ አይደል ያወጡት? እንደዚያ ነው። ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ለአባትሽም። ሾተላይ ይሰማል።»

ሾተላይ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ሕፃናት የሚበላ ነገር ነው። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ነገሩ የሚያሳዝነው ይኼ ነው፦ እነሱ ለሷ እንዳደረጉት፣ እሷም በተራዋ ለኔ አደረገችው። ከዋሹን ሰዎች ሁሉ የማልቀየመው ግን እሷን ብቻ ነው።

በማግስቱ አባ ከፈረቃ ሲመለስ ሻዩን ሳይጠጣ እዚያው በሩ ላይ አስቆመችው። «እሺ፣ ያውጡት» አለችው። አባ ማመን አቃተው። «ትንሽ ነገር ናት እትዬ፣ እንደ ጥርስ ማስነቀል ማለት ነው!» አላት። እሷም «እንዲያ ከሆነማ ምን አስፈራኝ» ብላ ሳቀችለት። አባ በደስታ እኔንም አቅፎ አነሳኝ። በዘዴ ያሳመናት መስሎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያስቃት ወደ ሥራ አይወጣም፤ ስለ ፋብሪካው አለቃ እየቀለደ፣ አካሄዱን እያስመሰለ። እሷም ትስቅለታለች፣ ሆዷን ይዛ።

እስከ ኒቱዋሁ ድረስ ሳምንታት ነበሩ። እኔና እሷ ሚስጥር ነበረን። አጥቤ ለሕፃኑ ላስቀምጥ ብዬ የወንድሜን ትንንሽ ልብሶች ከቁም ሣጥን አውጥቼ ከአልጋዬ ሥር ደበቅኋቸው። «ወንድ ነው ሴት?» ስላት «የመጣውን እንቀበላለን» ትለኛለች። አንዳንዴ ሳትጠየቅ «ማዜ፣ አንቺን ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ፣ አይደል?» ትለኛለች። «አዎ» ስላት «በቃ፣ እሱ አለ» ትላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ጠርሙሱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየን። ትንኝ አልነበሩም። ጥቋቁር፣ አረንጓዴ የሚያብረቀርቁ፣ ተርብ የሚመስሉ ግን ከጉንዳን ያነሱ ነገሮች ካልሲው ላይ ይርመሰመሳሉ። ይዤ ወደ ሞራ ሄድኩ። እነዚህ ሌሎች ናቸው አለችኝ፤ ያበጠውን ቤት ከውጭ ወግተው እንቁላላቸውን ትሏ ላይ ይጥላሉ፣ ልጃቸው የትሏን ሥጋ በልቶ ያድጋል፣ በመጨረሻም እሱ ይወጣል። ያንኑ ለእቴቴ ነገርኳት።

«ባለቤቱስ?» አለችኝ።

«ተበላ።»

«ቁጥቋጦውስ? ይኼ ሁሉ ሲሆንበት አይሞትም?»

«ሞራ አይሞትም ብላለች። ሁልጊዜ ጊዱል አለበት፣ ግን ይኖራል።»

እቴቴ ራሷን ነቀነቀች። «ታድሎ» አለች። ጠርሙሱን ከፍታ በመስኮቱ ለቀቀቻቸው።

ሆስፒታል ልትገባ ስትል ባሕር ውሰጂኝ አለችኝ። በአውቶቡስ ወርደን የፖሌግ ወንዝ ከባሕሩ ጋር ወደሚገናኝበት በእግር ሄድን። ነፋሱ አሸዋ ይረጫል፣ ሰው የለም። አገር ቤት ሴቶች ደማቸው ሲያልቅ ወንዝ ወርደው፣ ገላቸውን ልብሳቸውንም አጥበው ነው ንጹሕ ሆነው ወደ ቤት የሚገቡት። እቴቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውሃው ውስጥ ቆመች። ትገባለች ብዬ ፎጣውን ይዤ ጠበቅሁ። ቆማ፣ ቆማ፣ ተመለሰች። «ሳያልቅ ምን ያደርጋል» አለች። እግሯን በፎጣው አደረቅሁላት። አሁን አትንኪኝ አትለኝም።

ሆስፒታል ገባች፣ ከፈቷት፣ ያዩትን አይተው መልሰው ዘጉት። ይኼንንም የማውቀው ኋላ ነው። ልጆች ሆስፒታል አይወሰዱም ተብሎ እኔን አልወሰዱኝም። እኔ የምጠብቀው ሁለት ሰው ነበር። የፑሪም በዓል መጣ፣ ሄደ። አሸዋው ላይ ያለው ማሉዋህ አዲስ ቅጠል አወጣ፣ አዲስ እባጭም አወጣ። አባ በየቀኑ ከፋብሪካ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ፋብሪካ ይመላለሳል። «እቴቴ እንዴት ናት?» ስለው «ደኅና ናት፣ ትስቃለች» ይለኛል። «ወጣ?» እለዋለሁ። «ምኑ?» ሲለኝ ሾተላይ ትዝ ይለኝና አፌን በእጄ እይዛለሁ።

አንድ ጠዋት በጩኸት ነቃሁ። አባ ከሆስፒታል ከዘመዶች ጋር ገብቷል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። ሴቶቹ ቤቱን ሞልተውት ነበር። እቴቴ እንደሞተች ማንም አልነገረኝም፤ ከጩኸቱ ነው ያወቅሁት። ያኔም ለልጅ መንገር ማን ያስታውሳል? ግድግዳው ጥግ ተለጥፌ አለቀስኩ። ልቤ ፈረሰ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጠዋት አወቅሁ።

አባ በር ላይ ቆሞ ለሚገባው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግማል። «እንኳን ሳታውቅ ሄደች። እየሳቀች ነው የሄደችው። ትንሽ ነገር እንደሆነ አምና ነው።» ሰዎቹም «ደግ አደረግህ፣ ደግ አደረግህ» ይሉታል።

ከብዙ ልቅሶ በኋላ ወደ እናቴ ሄጄ ነጠላዋን ሳብኩ።

«ኢማ፣ ልጁስ?»

«የምን ልጅ?»

«የእቴቴ ልጅ። ማን ያዘው? ብቻውን ተዋችሁት እንዴ?»

እናቴ ልቅሶዋን አቋረጠች። «ምንድን ነው የምትዪው፣ የኔ ልጅ?»

«ሆዷ ውስጥ የነበረው ጊዱል። ልብሱን አዘጋጅቼለታለሁ።»

አባ ከበሩ ዞር ብሎ አየኝ። መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ፣ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ጊዱል ያለሽ ማነው?»

«አንተ። ለኢማ ስትነግራት ሰማሁ።»

«ለእቴቴ ነግረሻታል?»

«አዎ። ልጁን ሊያወጡብሽ ነው አልኳት። እሷም ልጅ ነው፣ ለማንም አትንገሪ፣ ሾተላይ ይሰማል አለችኝ።»

«መቼ? መቼ ነው የነገርሻት?»

«እሺ ያውጡት ከማለቷ በፊት። በዋዜማው።»

እናቴ ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝና ጆሮዬ ላይ፣ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንዳልነበረ፣ ጊዱል የበሽታ ስም እንደሆነ ነገረችኝ። በዚያ ቤት እውነቱን በቀጥታ የነገረኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። እንደ አዲስ ጮህኩ። በእናቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አባን አየው ነበር፤ ከወለሉ አልተነሳም።

«እኔ እኮ እንዳትፈራ ብዬ ነበር የምቀልደው» አለ፣ ለማን እንደሚናገር እንጃ። «እሷ እኔ እንዳልፈራ ነው የምትስቀው? ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን?»

ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን በዱላቸው እየተደገፉ ገቡ። አባ በር ላይ ሲደጋግመው የነበረውን ከሰው ሰምተው ነው የገቡት። ጎንበስ ብለው የአባን ትከሻ ያዙና «አይዞህ ልጄ» አሉት፣ «እንኳን ክፉውን ሳታውቅ አሳረፋት።»

አባ ቀና ብሎ አያቸው።

«ታውቅ ነበር» አላቸው።